ፈረስ አጎቴ ነው

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። በመምህርነት በቈየሁባቸው አርባ ዓመታት ይህን ተረት በየክፍሉ ስናገር ልጆች ሁልጊዜ ይሥቁ ነበር። በቅሎ አባቷ አህያ መሆኑን መናገር አፍራ፣ ያልተጠየቀችውን የእናቷን ወንድም እንደ ጠቀሰች ይገባቸዋልና። እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልሥቅም ነበር። ለምን እንደማልሥቅ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ የጠየቀኝ ቢኖርም ኖሮ እውነቱን አልነግረውም ነበር። ዛሬ ግን ዕድሜዬ ወደ ሰባ ስለ ተጠጋ፣ የእኅቴም ልጅ ሳታውቀው ቍስሌን ስለ ነካችው፣ ነገሩን ለእናንተ ለወጣቶች ልነግራችሁ ወስኛለሁ።

ይህች የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች ናት። ስፍራው ከዋሽንግተን ከተማ ጋር የተያያዘና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው። በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር በስልክ ጠርታኝ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጽሑፍ ላንብብልዎት። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይለኛል፤ እርስዎ ግን እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ። ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚላክ ጽሑፍ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ የዚያን አገር ሥርዓት በአጭሩ ልግለጽ። በእኛ አገር ዛሬ ሕግ የሚማር ተማሪ የሚመረጠው በፈተናው ውጤትና በምደባ ነው፤ ስለ ኑሮውና ስለ አስተዳደጉ የሚጠይቀው የለም። በአሜሪካ ግን ተማሪው አስቀድሞ በፈለገው የትምህርት ዐይነት የአራት ዓመት ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት የሚያመለክተው። ኤልሳት የሚባል ፈተና አለ፤ ውጤቱም ከ120 እስከ 180 ይቈጠራል። የኮሌጅ ውጤትና የመምህራን የምስክርነት ደብዳቤ ይላካል። አመልካቹም ስለ ራሱና ስለ ዓላማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ይጽፋል። ይህኛው ግዴታ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች «ብትፈልግ ጻፍ» የሚሉት ሁለተኛ ጽሑፍ አለ። ይኸውም አመልካቹ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ዐይነት ኑሮ እንዳለፈ፣ ያለፈበትም ነገር ለትምህርት ቤቱ ምን እንደሚጠቅም የሚናገርበት ነው።

ይህ በፈቃድ የሚጻፍ ጽሑፍ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። በዚያ ዓመት ሰኔ 22 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ በቀረበው ክስ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲመርጡ ዘሩን እንደ ዘር ብቻ ቈጥረው ሊያመዛዝኑ አይገባም ብሎ ፈረደ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ግን በዚያው ፍርድ ላይ፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰበትን ወይም የሰጠውን ነገር ራሱ ቢጽፍ፣ ነገሩም ከጠባዩ ወይም ከችሎታው ጋር የተያያዘ ቢሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ሊመለከተው እንደሚችል ጻፉ። ስለዚህ ብዙዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የጥያቄያቸውን ቃል ለወጡ። አሁን የሚበዛው ጥያቄ፣ ያለፍህበት ነገር ምን አስተማረህ፣ ወደ እኛስ ምን ይዘህ ትመጣለህ የሚል ነው።

ጥያቄው መልካም ነው። ሰው ቍጥር ብቻ አይደለምና። ነገር ግን በዚህ መልካም ጥያቄ ውስጥ አንድ ፈተና ተሸሽጓል። ወጣቱ «ብትፈልግ» የሚለውን ቃል ሲያነብ «ካልጻፍህ ትቀራለህ» ብሎ ይተረጕመዋል። ቀጥሎም የሚጠየቀው ቍስሉን ይመስለዋል። የራሱ ቍስል ያነሰ ሲመስለው የሌላውን ሰው ቍስል ይዋሳል።

የእኅቴ ልጅ ያነበበችልኝ ይህንኑ ነበር። እናቷ፣ ማለት ታናሽ እኅቴ፣ በ1978 ዓ.ም. በደርግ ዘመን በመተማ በኩል በእግሯ ወደ ሱዳን ተሰድዳ ነበር። በገዳሪፍና በካርቱም ሦስት ዓመት ተንከራታ ነው ወደ አሜሪካ የገባችው። ልጅቱ ይህን መንገድ አሳምራ ጽፋዋለች፤ የሌሊቱ ጉዞ፣ የውሃው ጥም፣ በመንገድ የቀሩት ጓደኞች ሁሉ አሉበት። ጽሑፉም «ተጓዝን፣ ተጠማን፣ ፈራን» እያለ ይሄዳል። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ ዕንባዬ መጣ። ሆኖም ስትጨርስ ሁለት ነገር ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ በዚያ ሌሊት አንቺ የት ነበርሽ?»

«እኔማ አልተወለድሁም ነበር ጋሼ።»

«እናትሽስ ይህን ሰምታዋለች?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «አልሰማችም። ይህን ነገር የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ደግማም አንሥታው አታውቅም። ግን ጋሼ፣ ሁሉም የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው። የእኔ ሕይወት ደግሞ ምንም የለበትም» አለችኝ።

«የእኔ ሕይወት ምንም የለበትም» የሚለው ቃሏ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መለሰኝ።

እኔ የተወለድሁት በያኔው የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እናቴ የፈተለችውን እየሠራ፣ ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። በዚያ ዘመን ሸማኔነት የተናቀ ሙያ ነበር። ኩታውን የሚለብሰው ሰው ሁሉ ኩታውን የሠራውን እጅ ይንቅ ነበር። እኔም የሸማኔ ልጅ መባልን እፈራ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በአሥራ አራት ዓመቴ ወደ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት አመለከትሁ። ፈተናውን አለፍሁ፤ ነገር ግን ለአዳሪነቱ የሚከፈለው ገንዘብ ከአባቴ አቅም በላይ ነበር። በነፃ የሚያድሩት ጥቂት ልጆች ብቻ ነበሩ። የአዳሪዎቹ ኀላፊ የነበሩት ሚሲዮናዊ ለእያንዳንዳችን አንድ ወረቀት ሰጥተው፣ «የፈቀደ የሕይወቱን ታሪክ ይጻፍ፤ ያልፈቀደ ይተወው» አሉን። አንድ ትልቅ ተማሪ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ «አባቴ ሞቷል ብለህ ጻፍ፤ ፈረንጅ ለሙት ልጅ ያዝናል» ብሎ መከረኝ። የእኔ ሕይወት ምንም የሌለበት መስሎኝ ነበርና ምክሩን ተቀበልሁ። አባቴ በወባ እንደ ሞተ፣ እኔም በዘመድ እጅ እንዳደግሁ በሚያሳዝን ቃል ጻፍሁ። በነፃም ገባሁ።

ከእኔ ጋር ካመለከቱት ልጆች አንዱ እናቱም አባቱም በእርግጥ የሞቱበት ነበር። እርሱ ወረቀቱን ባዶውን መለሰው። ኋላ እንጨት እየፈለጠና ውሃ እየቀዳ ነበር የተማረው። አንድ ቀን ለምን እንዳልጻፈ ብጠይቀው፣ «ስለ እናቴ መጻፍ አልቻልሁም» አለኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። እርሱ መጥረቢያውን ይዞ ሲያልፍ እኔ በእርሱ ስፍራ ተቀምጬ እበላ ነበር።

በዚያው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ከትምህርት ቤቱ በር ዘበኛው ጠራኝ። ብሄድ አባቴ ቆሟል። አንድ ቀን ተኩል በእግሩ ተጕዞ መምጣቱ ነው። በትከሻው አዲስ ጋቢ፣ በእጁ የበሶ ስልቻ ይዟል። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ሚሲዮናዊው መጡና ማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ያን ዕለት ጧት አባትንና እናትን ስለ ማክበር የሚናገረውን ትእዛዝ በቃሌ ወጥቼ ተመስግኜ ነበር። አፌ ግን «አጎቴ ነው» አለ።

ሚሲዮናዊው ለአባቴ እጃቸውን ዘርግተው፣ «የሙት ልጅ የሚጠይቀው ዘመድ ሲኖረው ደስ ይለናል» አሉት። አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «አዎን ጌታዬ፤ አጎቱ ነኝ» አለ። ጋቢውን በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ፤ ስልቻውንም አቀበለኝና በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ውሃ እንኳ አልጠጣም ነበር።

ሚሲዮናዊው ወደ አገራቸው እስኪሄዱ ድረስ እውነቱን አልነገርኋቸውም። አባቴን ይቅርታ የጠየቅሁት በ1970 ዓ.ም. መምህር ሆኜ የመጀመሪያውን ደመወዜን ስቀበል ነው። ገንዘቡን ከፊቱ አስቀምጬ ጕልበቱን ሳምሁ። እርሱም አንሥቶኝ፣ «ልጄ፣ ድር ቢበጠስ ሸማኔ ቋጥሮ ይቀጥለዋል። ልብሱ ይለበሳል። ቋጠሮው ግን በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል» አለኝ። አልረገመኝም። አልረሳሁትም ግን አላለኝም፤ ረስቼዋለሁም አላለኝም።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ በስልክ ነገርኋት። እናቷም እስከዚያች ቀን አታውቀውም ነበር። ልጅቱ ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «እንግዲያውስ እኔም የምነግርዎት አለኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራ ስለ ነበር፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ እየከፈተች ታነባለች። በዚያ ሕንጻ የሚኖሩ እንግሊዝኛ የማያውቁ ኢትዮጵያውያንም ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደ እርሷ ይመጣሉ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች አንዲት ባልቴት ከቤት ኪራይ ጋር የተያያዘ ወረቀት ይዘው መጡ። አንብባ «ከቤቱ ውጡ ይላል» አለቻቸው። ባልቴቲቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ዕቃቸውን ሰብስበው በሌላ ከተማ ወደሚኖር ዘመዳቸው ሄዱ። ሰው ሁሉ ልጅቱን «የኛ ጠበቃ» እያለ ያመሰግናት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የኮሌጅ ተማሪ ሆና ተከራዮችን በሚረዳ ቢሮ በፈቃደኝነት ስታስተረጕም፣ ያንኑ ዐይነት ወረቀት አየች። ወረቀቱ «ውጡ» አይልም ነበር። ኪራይ አልተከፈለም ተብሎ ክስ ስለ ቀረበ፣ በዚህ ቀን ፍርድ ቤት ቅረቡ የሚል መጥሪያ ነበር። በሜሪላንድ ሕግ ባለቤቱ ተከራዩን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ ሊያስወጣ አይችልም። ባልቴቲቱ ቀርበው ነገራቸውን ማስረዳት ይችሉ ነበር። ልጅቱ ፈልጋ ስትጠይቅ ሞተዋል አሏት። «ሕግ ልማር ያሰኘኝ ይህ ነው ጋሼ። ግን ጥፋቴን ጽፌ እንዴት ተቀበሉኝ እላቸዋለሁ?» አለችኝ።

እኔም፣ «ሕይወቴ ምንም የለበትም ያልሽው ይህን ደብቀሽ ነውን? ሱዳንን ትተሽ ይህን ጻፊ» አልኋት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንተም ለሕግ ትምህርት ባይሆን ለሌላ፣ ወደ አሜሪካ ባይሆን ወደ ሌላ አገር፣ ስለ ራስህ ጻፍ የምትባልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከራሴ ውርደትና ከእኅቴ ልጅ ነገር ያገኘሁትን ጥቂት ምክር ስማ።

አንደኛ፤ «ብትፈልግ» የሚለውን ቃል እንደ ተጻፈ አንብበው። በሌሎቹ ወረቀቶች ያልታየ፣ ስለ አንተ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ካለህ ጻፍ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ያልኸውን በሌላ ቃል ለመድገም ከሆነ ግን ተወው፤ አንባቢውን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ዝም ማለት ሐሰት አይደለም። ያ የሙት ልጅ ባዶ ወረቀት ከእኔ ሙሉ ገጽ ይልቅ እውነት ነበረበት።

ሁለተኛ፤ የሌላውን ሰው ሕይወት ሳታስፈቅድ አትውሰድ። የእናትህ መከራ የእናትህ ነው። አንተን የሠራህ ስለ ሆነ ልትጠቅሰው ትችል ይሆናል፤ ነገር ግን አስቀድመህ አንብብላት፣ «እኔ» የሚለውንም ቃል እርስዋ ከቆመችበት ስፍራ አታቁመው። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ዘረፈ እንደሚባለው እንዳይሆንብህ።

ሦስተኛ፤ ምሕረት አትለምን፤ ሥራህን ተናገር። ፈታኞቹ የሚሹት ስንት ጊዜ እንደ ተመታህ አይደለም፤ ከተመታህ በኋላ ምን እንዳየህና ምን እንዳደረግህ ነው። መከራውን በአንድ አንቀጽ ጨርሰህ፣ ያስተማረህን በሚቀጥለው አስረዳ። ታላቅ ነገር አትፈልግ፤ አንዲት ደብዳቤ ትበቃለች። የተሰጠህንም የገጽ ልክ አትለፍ።

አራተኛ፤ አንድም ሐሰት አትጨምር። አመልካች የጻፈው ሁሉ እውነት እንደ ሆነ በፊርማው ያረጋግጣል። በአሜሪካ የሕግ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው የጥብቅና ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ጠባዩ ይመረመራል፤ ያን ጊዜ ለትምህርት ቤቱ የላከው ማመልከቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐሰቱ ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ነገር ግን ባይወጣስ? የእኔ ሐሰት ከቶ አልወጣም። ማንም አልደረሰበትም፤ ማንም አልቀጣኝም። እኔ ግን በየክፍሉ ተማሪ ሲሥቅ አብሬ መሣቅ አቃተኝ።

የእኅቴ ልጅ የባልቴቲቱን ወረቀት ጽፋ፣ ስማቸውን ሳታነሣ፣ በአንድ ገጽ ከግማሽ ጨረሰችው። ለእናቷም አነበበችላት። እኅቴ ስለ ሱዳን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ፈቀደችላት፤ እርሷም እናቷ በእግሯ ተሰድዳ እንደ መጣች የምትናገረው ናት። «የቀረውን ራሴ ስፈልግ እናገረዋለሁ» አለች። ልጅቱ ካመለከተችባቸው አምስት የሕግ ትምህርት ቤቶች ሦስቱ አልተቀበሏትም፤ ሁለቱ ተቀበሏት። ምክንያቱን የነገራት የለም። ይሁን እንጂ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሦስቱም ቢሆኑ እምቢ ያሉት እኔን ነው፤ ሌላ ሰው አይደለም» ስትለኝ፣ ከሁለቱ መልካም ወሬ ይልቅ በዚህ ቃሏ ደስ አለኝ።

የአባቴ ጋቢ እስከ ዛሬ አለኝ። ዳሩ ተበልቷል፤ እናቴ ያስገባችው ጥለት ግን ቀለሙን አልለቀቀም። እናንተም ማን እንደ ሆናችሁ ስትጠየቁ ያን ጋቢ አስቡልኝ። በቅሎ ስሙን ለመጥራት ያፈረችበት አህያ፣ የዚያን ቤት እህልና ውሃ ሲሸከም የኖረው እርሱ እንደ ነበረ አትርሱ።